በሩን ነፋስ ነው የዘጋው

አዳማ ላይ በር ዘግቶ መቀመጥ ምክንያት ይጠይቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲገቡ ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም። በርም መስኮትም ይከፈታል፤ ደጃፉ ላይ ስስ መጋረጃ ይሰቀላል። መጋረጃው የሚከለክለው ዝንብ ነው፣ ሰው አይከለክልም። ጎረቤት «ቤቶች!» ይልና መልስ ሳይጠብቅ ይገባል። እንዲህ ባለ ከተማ በሯን የዘጋች ልጅ ወይ ታማለች፣ ወይ አኩርፋለች፣ ወይ ስልክ ላይ ሰው እንዲሰማው የማትፈልገው ነገር እያወራች ነው። አራተኛ ምክንያት አይታሰብም።

ነፋሱ ደግሞ ነገር ያባብሳል። ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንሥቶ ይመጣና በሩን ጓ አድርጎ ይዘጋዋል። እኛ ቤት «ነፋስ ነው የዘጋው» ተብሎ የማይማልበት ሳምንት የለም። እናቴ ግን በቀላሉ አትቀበልም። ነፋስ የዘጋውንና ሰው የዘጋውን በድምፁ እለያለሁ ትላለች። አንዳንዴም እውነቷን ነው፣ ትለያለች።

ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ፣ ሳይጣሉና ማንንም ሳያስከፉ፣ ትንሽ ለብቻ ስለመሆን ነው።

29 ዓመቴ ነው። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ማነጋገር ነው። አንዱ የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይመጣል። ሌላው ማዘዣ የለውም፣ መድኃኒቱን ግን ይፈልጋል። ሌላዋ «እንደ በፊቱ ስጪኝ» ትላለች፤ የበፊቱ ምን እንደነበር ስትጠየቅ «ነጭ ነው፣ ክብ» ትላለች። ሁሉንም ቀስ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ ምላሴ ዝሏል።

ቤት ደግሞ አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና ታናሽ እህቴ አሉ። ከአርሲ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ዘመድም አይጠፋም። አዳማ መንገድ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለሕክምና ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ ሁሉ «አንድ ሌሊት» ብሎ እኛ ጋ ያርፋል። አንዱ ሌሊት ሳምንት ይሆናል። መኝታ ክፍል ሁለት ነው። አንዱ የእናትና አባቴ፣ አንዱ የእኔና የእህቴ። ወንድሜ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይፈርስና እንደገና ይደለደላል።

«ታዲያ ለምን ቤት አትከራዪም?» የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ ኪራዩ ደመወዜን ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ ያላገባች ልጅ ቤተሰቧ እዚያው ከተማ እያለ ለብቻዋ ስትከራይ ለሰፈሩ ቡና የወራት ወሬ ይሆናል። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ መውጣት አልፈልግም። ቤታችንን እወደዋለሁ። የምፈልገው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። «ብቻዬን ልሁን» ሲባል «ልሄድ ነው» ብሎ የሚሰማ ሰው ብዙ ስለሆነ ይሄን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ሕግ ጠቅሶ የሚሟገትም አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ ደንግጓል። ቤቱም፣ ደብዳቤውም፣ የስልክ ንግግሩም ውስጡ አለ። ግን እሱ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ የሚጠቀስ ነገር ነው። እናቴ ቦርሳዬን ከፍታ ፓናዶል ስትፈልግ አንቀጽ 26 ትዝ አይለኝም። ትዝ ቢለኝም አልናገርም። መብቱ የእኔ ነው፤ ፓናዶሉን ግን የገዛሁት ለእሷ ነው።

«የእኛ ሰው ለብቻ መሆን አይገባውም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው፤ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እንኳ አብሮት የሚያድር ሰው አይጠፋም። በሽተኛም ያለ አስታማሚ አይተኛም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው።

ሌላው ግማሽ ግን ይረሳል። ሰፈራችን ውስጥ ነሐሴ ሲገባ ሱባኤ የሚይዙ እናቶች አሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፍልሰታ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ቤታቸውን ትተው ቤተ ክርስቲያን ይከርማሉ። ስልካቸው ይዘጋል። ማንም «ምን ሆነው ነው?» አይልም። «ሱባኤ ገብተዋል» ይባላል፣ አለቀ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ በረመዳን የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ኢዕቲካፍ የሚገቡ አሉ። መስጊድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የፈለጋቸው ሰው እስኪወጡ ይጠብቃል። አራስም አለች። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናትየዋ ከቤት አትወጣም፣ ጠያቂዋም ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤትም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ልጁ ገበያ አይላክም፣ እንግዳው በሹክሹክታ ያወራል።

እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው ይታወቃል። ሁሉም ደግሞ የሚያበቁበት ቀን አላቸው። ሰዎቻችንን የሚያስፈራቸው ለብቻ መሆኑ አይመስለኝም። መቼ እንደሚያበቃ አለመነገሩ ነው። ማለቂያው ያልታወቀ ዝምታ እናት ጋ ሲደርስ ኩርፊያ ይሆናል፣ በሽታ ይሆናል፣ «ይቺ ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው» ይሆናል። የሰፈራችን ልጆች ዝም ብለው ሰንብተው በአንድ ጠዋት ሲሄዱ አይታለችና አልፈርድባትም።

እኔም ጥያቄዬን ሳቀርብ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ተናገርኩ።

እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። ምስር እየለቀምን ነበር። ይህን ጊዜ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ «እማዬ፣ የማወራሽ ነገር አለ» ማለት ሴትዮዋን ያስደነግጣታል። ወይ አርግዛለች፣ ወይ ከሥራ ተባራለች ብላ ነው የምትጀምረው። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይንም ሰፌዱ ላይ ሲሆን ከባዱ ወሬ ይቀላል።

«እማዬ፣» አልኳት፣ «ከሥራ ስገባ ራሴን ያዞረኛል። አንድ ሰዓት ጋደም ብዬ ልነሣ። 12 ተኩል ላይ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም። ግን በዚያች ሰዓት ማንም ባይጠራኝ።»

ጠጠር አወጣችና ወረወረች። «ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?»

«ከማንም።»

«እህትሽ ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም። ሰው ሲያወራኝ ነው የምውለው እኮ እማዬ። ጆሮዬ ትንሽ ይረፍ።»

«እኔስ ስጠብቅሽ አይደል የምውለው?»

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ይህች ንግግር ክስ ትመስላለች፣ ሰውም ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ይመጣል፣ ከዚያ «አይ፣ እኔ ምን አገባኝ» ይከተላል፣ ከዚያ ምስሩ ሳይለቀም ይቀራል። እናቴ ግን እየከሰሰችኝ አልነበረም። የሆነውን ነው የነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። እኔ ስገባ ከተማው አብሮኝ ይገባል፤ ስኳር ስንት ገባ፣ ፍራንኮ ጋ መንገዱ ለምን ተዘጋ፣ ያቺ የስኳር በሽተኛዋ ሴትዮ ተሻላት ወይ። የእኔ የዕረፍት ሰዓት የእሷ የወሬ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከእሷ አንድ ነገር እየወሰድኩ ነው፣ የወሰድኩትን ደግሞ መመለስ አለብኝ።

«12 ተኩል ላይ ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ አልነሣም፣ ስልክም አልይዝም» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ድርድሩ ተጀመረ። በሩ አይቆለፍም፣ ገርበብ ይላል። እሳት ከተነሣ ልጠራ ነው። ከአሜሪካ ከተደወለም ልጠራ ነው። እሳቱን ተቀበልኩ። አሜሪካው ላይ ተከራከርን። «ተኝታለች በይልኝ» ስላት «እኔ አልዋሽም» አለች። በመጨረሻ «አረፍ ብላለች፣ ማታ ትደውልላችኋለች» በሚለው ተስማማን። ውሸት የለበትም።

የተስማማነው ነገር ወዲያው ሠራ ማለት ግን አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ በገርባባው በር በኩል ዓይኗን አየው ነበር። ሻይ ይዛ ትመጣለች። «አልጠራሁሽም፣ ሻይ ነው ያመጣሁት» ትላለች። ያኔ ሻዩን ተቀብሎ ማመስገን ነው። «ብያለሁ እኮ!» ብሎ ሻይ መመለስ በእኛ ቤት ከስድብ ይቆጠራል፤ ደግሞም ሻዩ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከክፍሉ መውጣት ነው። እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ እንድነቃ የስልኬን ደወል እሞላለሁ። ጀበናውን ይዤ ስወጣ የምታየው ቡናውን አይደለም፤ ባልኩት ሰዓት መውጣቴን ነው። እያደር ሻዩ ቀረ። አሁን «ሰዓትሽ ደርሷል፣ ግቢ» የምትለኝ እሷ ናት።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣ ነበር። የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈችው። ትሕትና የጎደለው ጽሑፍ አልነበረም፣ እንዲያውም ከእኔ ንግግር የተሻለ የተስተካከለ ነበር። ግን ግሩፑ ውስጥ ውጭ አገር ያሉት አጎቷ አሉ፣ የአክስቷ ባል አሉ፣ ለዓመት በዓል ብቻ ድምፃቸው የሚሰማ ሰዎች አሉ። ሁሉም አስተያየት ሰጡ። እናትየዋ በዘመድ ፊት የተወቀሱ መሰላቸው። የአንድ ክፍል ጉዳይ ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደረሰ። በአፍ፣ ለአንድ ሰው፣ በቤት ውስጥ ቢባል ኖሮ ቡና ሳይፈላ የሚያልቅ ነገር ነበር።

አባቴ በዚህ ሁሉ መሀል ዝም ብሎ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው የጅቡቲ መስመር ላይ ነው፤ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። አንድ ምሽት ቡና ላይ እናቴ «ልጅህ ዘመናዊ ሆናለች፣ የዕረፍት ሰዓት አላት» ብላ ስትተርበኝ፣ አባቴ ስኒውን አስቀምጦ «እኔም ነበረኝ» አለ።

ሁላችንም ዞር አልን።

ከጅቡቲ ሲመለስ ወለንጪቲ ላይ ይቆም ነበር። ወለንጪቲ አዳማ ሊገቡ ሲሉ ያለች ከተማ ናት። በረሃ ለበረሃ ሲነዳ ከርሞ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሰው ለምን ይቆማል? ረዳቱን ጎማ እንዲያይ ይልከዋል፣ እሱ ሻይ አዝዞ ብቻውን ይቀመጣል። «የመንገዱን ንዴት ይዤ እንዳልገባባችሁ ነው» አለ።

እናቴ አታውቅም ነበር። «መኪናው ተበላሽቶ ነው ትለኝ የለም?»

«አንዳንዴም ይበላሽ ነበር» አለ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አባቴ ወለንጪቲ ነበረው፣ ጋቢናው ነበረው። ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ሥራው ራሱ ሰጠው። እናቴስ? መቼ ነው ብቻዋን የሆነችው? ስጠይቃት «እኔ ምን ሥራ አለኝ ብለሽ ነው?» ብላ አለፈችው። ቆይታ ግን ነገረችኝ። በዓል በሌለበት ቀን 9 ሰዓት ላይ «ልሳለም» ብላ የምትወጣበት ጊዜ አለ። ግቢው በዚያ ሰዓት ጭር ይላል። ከዛፉ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ትጸልያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እጸልያለሁ፤ ሲያልቅም እቀመጣለሁ» አለችኝ። «እዚያ ማንም ‹እማዬ፣ ካልሲዬ የት ነው?› አይለኝም።»

እኔ ፈቃድ ስጠይቃት እሷ ለራሷ መላ ካበጀች ቆይታለች ማለት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ምስሩ ላይ ብዙ ያልተሟገተችኝ። አሁን ከቤተ ክርስቲያን ስትዘገይ ማንም እንዳይደውልላት ለእህቴና ለወንድሜ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ካልሲ የሚፈልግ ይፈልግ።

ስለ እህቴና ወንድሜም ማለት ያለብኝ ነገር አለ፤ ቅር የሚለኝ ነገር ስላለ ነው። ወንድሜ የራሱ ክፍል የለውም፣ ግን ውጭው በሙሉ የእሱ ነው። ፑል ቤት አለ፣ ጀበና ቡና አለ፣ ኳስ አለ። ሲደብረው ተነሥቶ ይወጣል፣ «የት ነበርክ?» ሲባል «እዚህ ጋ» ይላል፣ በቂ መልስ ሆኖ ያልፋል። እህቴ ተማሪ ናት። «እዚህ ጋ» የሚባል ቦታ የላትም። የእኔን ስምምነት አይታ እሷም አንድ ሰዓት ስትጠይቅ እናቴ ምን አለቻት? «አንቺ ደግሞ ምን ሠርተሽ ደከመሽ?»

ይሄ ነው የሚያናድደው። ቤት ውስጥ ዕረፍት የሚሰጠው ለደመወዝ ነው። አስቤዛ የሚገዛ ሰው በሩ ሲገረበብ «ደክሟት ነው» ይባላል፤ የማይገዛው «ሰነፍ» ይባላል። እህቴን በተመለከተ እናቴን ላሳምን አልሞከርኩም። ከራሴ ነው የሰጠኋት። ከራት በኋላ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ክፍሉ የእሷ ነው። እኔ ሳሎን እቀመጣለሁ፣ ድራማ አያለሁ። እናቴ «ምን እያደረገች ነው?» ስትል «ከእኔ ጋር ተነጋግረናል» እላለሁ። ታላቅ እህት መሆን ለዚህ ይጠቅማል። ወንድሜ በበኩሉ 4 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሶፋው እንዲለቀቅለት ጠይቆ ነበር። ዜናው የሚደገመው በዚያ ሰዓት ነው ተብሎ በአባቴ ውድቅ ተደርጓል። ይግባኝ እያለ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ ለዓይናቸው ሕክምና ከአርሲ መጥተው ከእኛ ጋር ከርመዋል። የሚተኙት በእኔ አልጋ ነው፤ እኔና እህቴ አንድ ላይ። እትዬ ወሬ የሚጣፍጣቸው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ፣ የሞተ በሬ ያነሣሉ፣ መሀል ላይ «ሰማሽኝ?» ይላሉ። አዎ ካላልኩ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለብኝ።

ይህን እኔ ለእሳቸው መናገር አልችልም። ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ከእኔ አፍ ሲወጣ «ልጅ ገሠጸችኝ» ይሆናል። እናቴም አትችልም፤ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ «ምራት አባረረችኝ» ይሆናል። ያለው አንድ ሰው አባቴ ብቻ ነው። እሱ ይንገራቸው ተባለ። እሱም ምሳ ላይ፣ እንጀራ እያጎረሳቸው፣ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ መድኃኒት ስትቆጥር ነው የምትውለው። እንቅልፍ አጥታ ብትሳሳት ሰው ትጎዳለች። በጊዜ ትተኛ» አላቸው። የእሳቸው ወሬ ጨርሶ አልተነሣም።

«እኔ መች አስመሸኋት?» አሉ። ግን የገባቸው ገብቷቸዋል። ከዚያ ማታ ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ዝም ነው። እንዲያውም አልፈውበታል፤ የ11 ተኩሏን ሰዓቴንም መጠበቅ ጀምረዋል። በረንዳው ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ጎረቤት መጋረጃውን ሊገልጥ ሲል፣ የዓይናቸው ነገር እንደዚያ ሆኖ እንኳ ከሩቁ ያውቁታል፤ በእጃቸው አስቁመው «ዝም በል! ልጅቷ አርፋለች!» ይላሉ። ድምፃቸው ፖስታ ቤት ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። በአማርኛ ይሉታል፣ ካልገባው በኦሮምኛ ይደግሙለታል። ከዚያ እንግዳው ምን እንዳመመኝ ይጠይቃል፣ እሳቸውም አለመታመሜን፣ መድኃኒት እንደምቆጥር፣ ብሳሳት ሰው እንደምጎዳ ከመስኮቴ ሥር ቆመው በሙሉ ያስረዳሉ።

ይህን ማን እንደሚነግራቸው ገና አልተወሰነም። አባቴ አንድ ጊዜ መላኬ ይበቃል ብሏል።